«ሶሬ» እስከ ስንት ሜትር ነው? ስለ «ይህ» እና «ያ» ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጃፓንኛ መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ‹ኮሬ፣ ሶሬ፣ አሬ› ላይ ግን ተጣብቄ ቀረሁ። ማስታወሻዬ ላይ የመጀመሪያውን ‹ይህ›፣ ሁለቱን ደግሞ ‹ያ› ብዬ ጻፍኳቸው። ‹ሶሬ› እስከ ስንት ሜትር ድረስ ነው? ከየት ጀምሮ ነው ‹አሬ› የሚሆነው? ሌላው ደግሞ፣ ሦስትና አራት፣ እንዲያውም ሠላሳ ዓይነት ‹ይህ› እና ‹ያ› ያላቸው ቋንቋዎች አሉ ይባላል። አማርኛ ሁለት ብቻ ስላለው ርቀትን በደንብ አይለይም ማለት ነው?»

ሜትሩን ይርሱት። «ሶሬ» በሜትር የሚለካ ወሰን የለውም። ያሳሳተዎት ለጀማሪ የሚጻፈው «ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ» የሚል ድርድር ነው። በጃፓንኛ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ያህል ይርቃል?» አይደለም። «በማን በኩል ነው ያለው?» ነው። በተናጋሪው በኩል ያለው «ኮሬ» ይባላል። በአድማጩ በኩል ያለው «ሶሬ» ነው። ከሁለቱም ውጭ የሆነው «አሬ» ነው።

ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል እንበል። ሴቲቱ ብዕር ይዛለች። ሰውዬው እጁን ቢዘረጋ ብዕሩን ይነካዋል። ቢሆንም ስለ ብዕሩ ሲጠይቃት «ሶሬ» ነው የሚለው። ብዕሩ እሷ ዘንድ ነዋ። እሷ ስትመልስለት ያንኑ ብዕር «ኮሬ» ትለዋለች። አሁን ደግሞ እነዚሁ ሰዎች በሁለት አህጉር ሆነው በስልክ ያውሩ። እሷ ያለችበት አገር ዝናብ ይኑር አይኑር ሲጠይቃት «ሶቺራ» ይላል፤ «በናንተ በኩል» እንደ ማለት ነው። ከ«ሶሬ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የአንድ ክንድ ርቀትም የሺህ ኪሎ ሜትር ርቀትም በዚያው በ«ሶ» ተስተናገደ። ለዚህ ቃል ሜትር ይዞ መነሳት የትም አያደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ካዩ «በኔ በኩል፣ ባንተ በኩል» የሚባለው ነገር ይጠፋል። ያኔ «ሶ» ወደ መካከለኛ ርቀት ይንሸራተታል። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሹፌሩን «እዚያ ጥግ ላይ ያውርዱኝ» ሲለው «ሶኮ» የሚለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ጥጉን የሚያዩት በአንድ መስታወት ነው። ስለዚህ «መካከለኛ» የሚለው ማብራሪያ ከነጭራሹ ውሸት አይደለም። ሁለተኛውን አጠቃቀም አንደኛ አድርጎ ማቅረቡ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

አሁን ወደ ማስታወሻዎ እንምጣ። ሁለቱንም «ያ» ብለው መጻፍዎ አያስፈልግም ነበር፤ አማርኛ የተሻለ ነገር ይሰጥዎታል። ሲያወሩ ራስዎን ያዳምጡ። ጓደኛዎ በእጁ የያዘውን ነገር ሲጠይቁት ምን ይላሉ? «ያ ምንድን ነው?» ማለት ይቻላል። አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው ግን «እሱ ምንድን ነው የያዝከው?» ነው። «እሱን አቀብለኝ» እንላለን። «እሷን ወንበር ወደዚህ ሳብ አድርጋት» እንላለን። መንገድ ማዶ የቆመን መኪና ለማሳየት ሲሆን ግን በ«እሱ» አንጀምርም። ጣት ቀስረን «ያ» ነው የምንለው። የሰዋስው መጽሐፍ «እሱ»ን ከአመልካቾቹ፣ ማለትም እንደ «ይህ» እና «ያ» ካሉት ጠቋሚ ቃላት፣ ተራ አያስገባውም፤ የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስም ነው ብሎ ያልፈዋል። በንግግር ላይ ግን አድማጩ አጠገብ ላለ ነገር በየቀኑ እናሠራዋለን።

ፍጹም ሕግ አድርገው አይውሰዱት። «እሱ» ቀድሞ ስሙ ለተነሳ ነገርም ያገለግላል። ደስ የሚለው ግን «ሶሬ»ም እንዲሁ መሆኑ ነው። ጃፓኖች በወሬ መሃል የተነሳን ነገር መልሰው ሲጠቅሱት በ«ሶ» ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ማስታወሻዎን «ኮሬ፣ ይሄ፤ ሶሬ፣ እሱ፤ አሬ፣ ያ» ብለው ያስተካክሉት። መቶ በመቶ አይገጥምም። ከቀድሞው ግን በብዙ ይሻላል።

«አማርኛ ርቀትን አይለይም ወይ?» ለሚለው፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ሆልገር ዲሰል የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ የ234 ቋንቋዎችን አመልካች ቃላት አወዳድሮ ውጤቱ በ2005 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቋንቋዎች መዋቅር አትላስ ላይ ወጥቷል። ከነዚህ ውስጥ 127ቱ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያላቸው፤ እንደ አማርኛ። ሦስት ደረጃ ያላቸው 88 ናቸው። አራት ያላቸው 8፣ አምስትና ከዚያ በላይ ያላቸው ደግሞ 4 ብቻ። የቀሩት 7 በአመልካቹ ላይ የርቀት ልዩነት አያሳዩም። ስለዚህ አማርኛ ከብዙኃኑ ጋር ነው። ኦሮምኛም «ኩን» እና «ሱን» ብሎ በሁለት ይሠራል። ሶማልኛ ወደ ሩቁ ሲሄድ ይከፋፍላል፤ በስሙ መጨረሻ ላይ አራት ዓይነት ቅጥያ ያስገባል። «ቡግ» መጽሐፍ ከሆነ፣ «ቡጋን» ይህ መጽሐፍ ነው፤ ከዚያ «ቡጋስ»፣ «ቡጌር»፣ «ቡጎ» እያለ ይርቃል።

ሁለት ብቻ መኖሩ ያጎድላል ብሎ የሚያስብ ሰው ፈረንሳይኛን ይመልከት። በፈረንሳይኛ «ሰ ሊቭር» ይህ መጽሐፍም ያ መጽሐፍም ነው። መለየት ሲያስፈልግ ብቻ ከኋላው «ሲ» ወይም «ላ» ይጨመርበታል። «ላ» የሩቁ ነው ቢባልም፣ በር ላይ የቆመ ሰው መምጣቱን ሲናገር «ዠ ስዊ ላ» ይላል፤ እዚህ ነኝ ማለቱ ነው። በዚህ የተነሳ ማንም ቤቱን ሲስት አልታየም። የቀረውን ጣት፣ ዓይንና አውዱ ይሞሉታል።

አማርኛ ደግሞ ሌላም ብልሃት አለው። «ይኸውልህ»፣ «ይኸውልሽ»፣ «ይኸውላችሁ»፣ «ያውልህ»፣ «ያቻትልሽ» የሚሉትን ይፈትሹ። «ያቻትልሽ» አንድ ቃል ነች። የምትታየው ነገር ራቅ ያለች መሆኗን፣ በሴት ጾታ የምትጠራ መሆኗን፣ የሚነገራትም አንዲት ሴት መሆኗን ባንድ ትንፋሽ ትናገራለች። አድማጩን በአመልካች ቃል ውስጥ መክተት የጃፓንኛ ብቻ ብልሃት አይደለም። እኛ ዘንድ በሌላ በር ነው የገባው። «ወዲህ»፣ «ወዲያ»፣ «ማዶ»፣ «እዚያ ማዶ» እያልን የምንለየውም አለ። የቃላቱን ሠንጠረዥ ብቻ ቆጥሮ ቋንቋን ድሃ ማለት ሚዛን የሚደፋ ክርክር አይደለም።

ከርቀት ሌላ ምን ይለያል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ርቀት ከብዙ መለያዎች አንዱ ብቻ ነው።

ቱርክኛን እንውሰድ። «ቡ»፣ «ሹ»፣ «ኦ» የሚባሉ ሦስት አሉት። ለረጅም ጊዜ ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ ተብለው ሲገለጹ ኖረዋል። አስሊ ኦዝዩሬክና አይሊን ኩንታይ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ሲያወሩ ቀርጸው ሲያዩት ግን «ሹ» ከርቀት ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም። የሚመጣው አድማጩ ነገሩን ገና ሳያየው ሲቀር ነው። ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ የሰውን ዓይን ወዳልደረሰበት ነገር ለመጎተት «ሹ» ይባላል። አድማጩ አንዴ ዞር ብሎ ካየው በኋላ ያው ነገር እንደ ቦታው «ቡ» ወይም «ኦ» ይሆናል። ነገሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተንቀሳቀሰው የአድማጩ ዓይን ነው።

ማላጋሲ፣ የማዳጋስካር ቋንቋ፣ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ይታያል ወይስ አይታይም? «ኤቶ» እዚህ ሆኖ ለሚታይ ቦታ ነው። «አቶ» ደግሞ እዚሁ ሆኖ ለማይታይ፤ ለምሳሌ ዕቃ ውስጥ ላለ። (ከኛ ማዕረግ ጋር ዝምድና የለውም።) እዚያ የሚታይ «ኤኒ» ነው፣ እዚያ የማይታይ «አኒ»። ይህ አይበቃ ይመስል ያለፈ ጊዜ ሲሆን ከፊታቸው «ት» ይጨመርባቸዋል። «እዚያ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ ነው አሁን ነው የሚለውን ይናገራል ማለት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የሚነገረው ካሲ ከተናጋሪው በላይ ያለን፣ ከበታች ያለንና ከዓይን የተሰወረን ነገር በተለያየ ቃል ይጠራል። ጠያቂው የሰሙት «ሠላሳ» ግን ከአላስካው የዩፒክ ቋንቋ የመጣ ይመስለኛል። እዚያ ወደ 30 የሚጠጉ አመልካቾች አሉ። ይህ ማለት ሠላሳ የርቀት ደረጃ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቃላቱ የሚበዙት መለያዎቹ ስለሚባዙ ነው። ነገሩ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ማዶ ነው? ዳገቱ ላይ ነው? ወደ መውጫው ነው ወይስ ወደ ውስጥ? ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በአንድ እይታ ተጠቃሎ ለሚታይ፣ ባለበት ለቆመ ነገር ነው። ሁለተኛው ለተንጣለለ ወይም ለሚንቀሳቀስ፣ ዓይን ተከትሎ ለሚያየው ነው። ሦስተኛው በግልጽ ለማይታይ ነው። ስለዚህ ወንዙ ላይ ቁልቁል እየሄደ ያለ ጀልባና ወንዙ ዳር ታስሮ የቆመ ጀልባ በሁለት የተለያየ «ያ» ሊጠሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም እኩል ሩቅ ሆነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚለይ ሰው የርቀት ስሜቱ ከኛ ይበልጣል? በአመልካች ቃላቱ ብዛት ብቻ ይህን ማለት አይቻልም። ተመራማሪው ኬኒ ኮቨንትሪና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎችን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው ዕቃዎችን በተለያየ ርቀት እያስቀመጡ እንዲጠሯቸው አደረጉ። ባለ ሁለቱ እንግሊዝኛም ባለ ሦስቱ ስፓኒሽም ተናጋሪዎች የቅርቡን ቃል በብዛት የተጠቀሙት እጃቸው ለሚደርስበት ዕቃ ነበር። በእጃቸው ፋንታ በዱላ ሲጠቁሙ ደግሞ የ«ይህ» ክልል ተለጠጠ። በ2023 የወጣው ሰፊ ሥራቸው 29 ቋንቋዎችንና 874 ተናጋሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ እጅ የሚደርስበትና የማይደርስበት ልዩነት በሁሉም ዘንድ ብቅ ብሏል። ከሥሩ ያለው ልኬት የሰው ክንድ ነው እንጂ ሜትር አይደለም። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ነው ከቋንቋ ቋንቋ የሚለየው። ሙከራው ጠረጴዛ ላይ የተሠራ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ሜዳ ላይ «ይሄ ተራራ» ስንል ተራራውን በክንዳችን ልንነካው አይደለም።

ከአቅጣጫ ጋር የተያያዘ የስሜት ልዩነት አለ ከተባለ የሚጠቀሰው ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ የሚነገረው ጉጉ ይሚዲር ቀኝና ግራን ትቶ ነገሮችን በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ያስቀምጣል። ተመራማሪው ስቲቨን ሌቪንሰን እንዳሳየው ተናጋሪዎቹ አቅጣጫን ሁልጊዜ በአእምሯቸው ይዘው ይኖራሉ። ይህ ግን የ«ይህ» እና «ያ» ጉዳይ አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይወራሉና ይለዩዋቸው።

ጠያቂው ባይነኩትም ጃፓንኛ ላይ ቀጥሎ የሚያደናቅፋቸውን አሁኑኑ ልናገር። አመልካች ቃላት ለሚታይ ነገር ብቻ አይደሉም። ካርል ቡለር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1934 እንደጻፈው፣ እነዚህ ቃላት ሁሉ የሚነሱት «እኔ፣ እዚህ፣ አሁን» ከሚል አንድ ነጥብ ነው። አማርኛ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። «ከነገ ወዲያ» እንላለን፤ «ከትናንት ወዲያ»ም እንላለን። አንዱ ወደፊት ነው፣ አንዱ ወደ ኋላ። «ወዲያ» ግን አንድ ነው። ዛሬ ላይ የቆመ ሰው በየትኛውም በኩል ራቅ ቢል «ወዲያ» ስለሆነ።

ጃፓንኛ ይህንን ወደ ትዝታ ወስዶታል። ወሬ ላይ ስለ ሌለ ሰው ሲያነሱ፣ ሁለታችሁም የምታውቁት ከሆነ «አኖ ሂቶ» ነው፤ «ያ ሰውዬ» እንደምንለው። ጓደኛዎ «ትናንት አንድ ሰው ተዋወቅሁ» ቢልዎትና ሰውየውን የማያውቁት ከሆነ ግን «ሶኖ ሂቶ» ብለው ነው የሚጠይቁት። የሰውየው ወሬ በጓደኛዎ በኩል ነው ያለው። እርስዎ በ«አኖ» ከጠየቁ እንደሚያውቁት ያስመስላል። እዚህ ላይ አማርኛ ይረዳዎታል፤ እኛም የማናውቀውን ሰው ወሬ ሰምተን «ያ ሰውዬ ማነው?» አንልም። «ሰውየው ማነው?» ወይም «እሱ ደግሞ ማነው?» ነው የምንለው። ሰውን በቀጥታ «ኮሬ» ወይም «አሬ» ብሎ መጥራት ደግሞ ነውር ነው፤ እንደ ዕቃ መቁጠር ይሆናል። «ኮኖ ሂቶ» ይበሉ።

ምክሬ ይህ ነው። የርቀት መስመር አይሳሉ። ሁለት ሰው ይሳሉ፤ አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ ጎን ለጎን። ሦስት ዕቃ ያስቀምጡላቸውና ሁለቱም እየተፈራረቁ ይጥሯቸው። አንዱ «ኮሬ» ያለውን ሌላው «ሶሬ» ብሎ ሲመልስ ጆሮዎ እስኪለምደው ይደጋግሙት። ንግግር ሲያዳምጡ፣ ፊልምም ሲያዩ፣ «ሶ» በሰሙ ቁጥር «ይህ ነገር በማን በኩል ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «በማንም» ከሆነ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ናቸው ወይ ብለው ያረጋግጡ። ካልሆኑ ነገሩ ቀድሞ በወሬ የተነሳ ነው ማለት ነው። አብዛኛው በነዚህ ይፈታል። ሁሉም ግን አይፈታም፤ ስሜት የሚገባበት አጠቃቀም አለ። እኛም ፊታችን የሌለን ሰው ተናደን «ይሄ ሰውዬ ደግሞ!» እንላለን። ይህን በሕግ ለመማር አይድከሙ፤ ከሰው አፍ ነው የሚለቀመው።

የጃፓንኛውን ልማድ ይዘው ሌላ ቋንቋ ውስጥ ደግሞ ዘው አይበሉ። ስፓኒሽ «ኤስቴ፣ ኤሴ፣ አኬል» ብሎ ሦስት ስላለው ጃፓንኛን ይመስላል። ነገር ግን «ኤሴ» አድማጩ ዘንድ ላለ ነገር ብቻ አይደለም፤ እንዲሁ ራቅ ላለም ይሆናል። በብዙ የላቲን አሜሪካ አካባቢዎች «አኬል» በንግግር ላይ ብዙም ስለማይሰማ፣ ሦስቱ በተግባር ወደ ሁለት ይጠጋሉ። ቁጥሩ እኩል ነው ማለት ሥራው እኩል ነው ማለት አይደለም።

ሲያጠኑ ቃላቱን አንድ በአንድ ሳይሆን በቤተሰብ ይያዟቸው፦ «ኮሬ፣ ኮኖ፣ ኮኮ፣ ኮቺራ»፤ «ሶሬ፣ ሶኖ፣ ሶኮ፣ ሶቺራ»፤ «አሬ፣ አኖ፣ አሶኮ፣ አቺራ»። ከመስመር የወጣችው «አሶኮ» ብቻ ናት። መጠይቆቹም («ዶሬ፣ ዶኖ፣ ዶኮ፣ ዶቺራ») በዚያው ቅርጽ ስለሚሄዱ አብረው ይግቡ፤ ተጨማሪ ልፋት አይጠይቁም።